የሕፃን ዱካ በመልካ ቁንጥሬ

«አኮ፣ ያንቺ ቤት ሙዚየም ውስጥ አለ!»

በስልክ እንዲህ ያለኝ ጀርመን ተወልዶ ያደገው የስምንት ዓመት የልጅ ልጄ ነው። አኮ የሚለኝ እናቱ እንደዚያ ስላስለመደችው ነው። ትምህርት ቤታቸው ቦደንዜ የሚባል ሐይቅ ዳር ወደሚገኝ ሙዚየም ወስዷቸው ኖሯል። ኡንተሩልዲንገን ይባላል፤ ከእ.ኤ.አ. 1922 ጀምሮ የድንጋይና የነሐስ ዘመን ገበሬዎችን ቤቶች ውኃው ላይ በእንጨት ምሰሶ እያቆሙ፣ በሣር እየከደኑ መልሰው ሠርተው ያሳያሉ። ልጁ ደግሞ ሐሮ ወንጪ ያለውን የወላጆቼን የሣር ቤት አይቷል። «እናንተ ግን ለምን እስካሁን እንደ ድሮ ሰው ትኖራላችሁ?» አለኝ።

ልጅ ነው፣ በክፋት አልተናገረም። ቢሆንም ሆዴን ባር ባር አለው። ክትባት በትከሻዬ አንግቼ ያንን ዳገት ስወጣና ስወርድ የኖርኩ ሰው በልጅ ልጄ ዓይን የሙዚየም ዕቃ መሆኔ ነው! «ክረምት ስትመጣ የድሮ ሰው ማለት ምን እንደሆነ አሳይሃለሁ» አልኩት። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን አፈርኩ። በቡታጅራ መንገድ ስንት ጊዜ ተመላልሻለሁ፤ መልካ ቁንጥሬ ላይ አንድ ቀን እንኳ ወርጄ አላውቅም።

ሲመጡ ማለዳ ከወንጪ ተነስተን በወሊሶ፣ በቱሉ ቦሎና በሰበታ አልፈን ዓለም ገና ላይ ወደ ቡታጅራው መንገድ ታጠፍን። ከአዲስ አበባ ለሚነሳ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። አዋሽ ሞልቶ፣ ደፍርሶ ይወርዳል። ቦታው በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ልጅ ይዛችሁ ስትሄዱ እንደ ጀርመኑ የሚገባበት የጥንት ቤት አትጠብቁ። ሙዚየሙ በጎጆ ቅርፅ በተሠሩ ቤቶች ውስጥ ነው። የእኔው ገና በመጀመሪያው ጎጆ ስልክ ስጡኝ ማለት ጀመረ። ጎምቦሬ የተባለው ቁፋሮ ዘንድ ስንደርስ ግን ዝም አለ። እዚያ ድንጋዩም አጥንቱም በተገኘበት መሬት ላይ እንዳለ ነው፤ ከላይ መጠለያ ተሠርቶለታል።

አስጎብኚው ስለ ዱካዎቹ አጫወተን። የዛሬ 700,000 ዓመት ገደማ በዚሁ አካባቢ፣ ውኃ ዳር፣ አዋቂዎች ድንጋይ እየጠረቡ የጉማሬ ሥጋ ሲያወራርዱ ልጆችም አብረዋቸው ነበሩ። ጭቃው ላይ ከተገኙት ዱካዎች አንድ ሁለት ዓመት የሚሆነው ሕፃን ዱካ አለበት። ከዚያ የእሳተ ገሞራ አመድ ወርዶ አለበሰው።

«ሕፃኑን ለምን ሥራ ቦታ ወሰዱት?»

«ታዲያ ማን ይጠብቅላቸው?» አልኩት። በክትባት ዘመቻ ስንቷን እናት ማሳ ላይ፣ ልጇን አጠገቧ አስቀምጣ ስታርም አግኝቻታለሁ!

ማታ የቡና ረከቦት ፊት ተቀምጠን ሒሳብ አሰራሁት። አንዷ ፍሬ አንድ ሺህ ዓመት ትሁን። ለጀርመኖቹ ጥንታዊ ቤት ስድስት ፍሬ ይበቃል። ለዱካው 700 ፍሬ። እዚያው መልካ ቁንጥሬ፣ ጋርባ በሚባለው ቦታ፣ እ.ኤ.አ. በ1981 ለተገኘው የሕፃን መንጋጋ ደግሞ ወደ ሁለት ሺህ ፍሬ፤ ለእሱ ጣሳ አመጣን። «የወንጪው ቤትስ?» አልኩት። ቆጥሮ ቆጥሮ፣ «አንድ ፍሬም አይሞላም» አለ። የሣር ክዳን ብርድ ስለሚከላከል እንጂ ዘመኑ ስላልደረሰልን እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባው መሰለኝ።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቁ። ባልጪት ከሄዳችሁ መሬቱ በጥቁር ባልጩት ስብርባሪ የተሞላ ነው። ስለቱ ከምላጭ አያንስም፤ ልጆቹን ጫማ አድርጉላቸው፣ እንዲያነሱም አትፍቀዱ። ቅርስም ነው፣ ቁስልም ነው።

መንጋጋው የሁለት ሦስት ዓመት ልጅ ነው። ገና ያልወጡት ጥርሶች አጥንቱ ውስጥ እንዳሉ ናቸው፤ ተመራማሪዎች በኃይለኛ ራጅ አይተዋቸው የሆሞ ኢሬክተስ መሆኑን እ.ኤ.አ. በ2023 አስታወቁ። ልጁ ይህንን ከሰማ ጀምሮ አልተወኝም።

«ምን ሆኖ ሞተ?»

አላውቅም አልኩት። ጡት የሚጥሉበት ዕድሜ ነው፤ በሥራ ዘመኔ እጄ ላይ ካለፉብኝ ልጆች ብዙዎቹ እዚያ ዕድሜ ላይ ነበሩ። ይህንን ለእሱ አልነገርኩትም። ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳብ አደረግሁለት።