ከምስል በፊት ድምፅ፦ በዋግ ኽምራ የትምህርት ቤት ቦርዶችንና የመምህራንን ሥልጠና በቴክኖሎጂ ስለ ማገዝ

በአገራችን ትምህርትና ቴክኖሎጂ አብረው ሲነሡ ውይይቱ ብዙውን ጊዜ ወደ መሣሪያ ቆጠራ ያዘነብላል። ስንት ኮምፒውተር ገባ? ስንት ታብሌት ታደለ? ስንት ትምህርት ቤት ከኢንተርኔት ጋር ተገናኘ? በሰቆጣና በዙሪያዋ ባሉት የዋግ ኽምራ ደጋና ቆላ ወረዳዎች ግን ከቆጠራው የሚቀድም ጥያቄ አለ። ትምህርት ቤቱን እንዲመራ ኀላፊነት የተሰጠው አርሶ አደር ስለዚሁ ኀላፊነት የሚማረው በየትኛው ቋንቋና በምን መንገድ ነው? ከእርሱ ጋር የሚሠራው የገጠር መምህርስ ሙያውን የሚያሻሽልበት ዕድል እስከ ትምህርት ቤቱ ደጅ ይደርሳልን?

የዚህ ጽሑፍ አቋም አጭር ነው። በዋግ ኽምራ ለቦርድ አባላትና ለመምህራን ሥልጠና የሚውለው ቴክኖሎጂ ከድምፅ መጀመር፣ ያለ ኢንተርኔት መሥራትና በኽምጣና ቋንቋ ጭምር መናገር ይኖርበታል። ዝግጅቱም በአካባቢው ተቋማት እጅ መሆን አለበት። ለዚህ የሚሆነውን ልምድ ከሩቅ መፈለግ አያሻም፤ የግብርናው ዘርፍ ከትምህርቱ ቀድሞ ሞክሮታል።

ኀላፊነቱ ወረደ፣ ሥልጠናው በመንገድ ቀረ

የትምህርት ሚኒስቴር በ1994 ዓ.ም. ያወጣው የትምህርት አመራር፣ አደረጃጀት፣ የኅብረተሰብ ተሳትፎና ፋይናንስ መመሪያ የቀበሌ ትምህርትና ሥልጠና ቦርድንና የወላጅና መምህራን ኅብረትን የትምህርት ቤት አስተዳደር አካል አድርጓቸዋል። ኅብረቱ በኋላ ተማሪዎች ተጨምረውበት ወተመህ በሚል ስም ይታወቃል። በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው የአጠቃላይ ትምህርት ጥራት ማሻሻያ መርሐ ግብር ደግሞ በተማሪ ቁጥር የሚሰላ፣ በተለምዶ ስኩል ግራንት የሚባል የድጎማ በጀት ለትምህርት ቤቶች እንዲደርስ አደረገ። በዚህም የተነሣ ሞፈርና ቀንበር ይዞ የሚውለው ወላጅ የትምህርት ቤት ማሻሻያ ዕቅድን ያጸድቃል፣ የበጀት አጠቃቀምን ይከታተላል፣ የመምህራንንና የተማሪዎችን መቅረት ይጠይቃል፣ በድርቅ ወራት የሚያቋርጡ ልጆችን ጉዳይ ይመክራል ተብሎ ይጠበቃል።

ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። ዕቅዱ የሚጻፈው በአማርኛ ነው፤ የሒሳብ ሰነዱም እንዲሁ። ማንበብና መጻፍ ላልቻለ፣ ወይም አፉን በኽምጣና ለፈታ የቦርድ አባል ሰነዱ ሁለት ጊዜ የተዘጋ በር ነው። እንዲህ ባለ ሁኔታ አባሉ የሚያደርገው ርእሰ መምህሩ ያቀረበለትን ሰምቶ መፈረም ወይም ጣቱን ማሳረፍ ነው። ውሳኔው በስሙ ይመዘገባል እንጂ የእርሱ አይሆንም።

ሥልጠናው በተለመደው መንገድ ከክልል ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ጉድኝት ማእከል፣ ከጉድኝት ወደ ትምህርት ቤት በአሠልጣኞች ሥልጠና ይወርዳል። በየእርከኑ ጊዜው ያጥራል፤ ምሳሌው ይቀንሳል፤ የክልሉ የብዙ ቀን ሥልጠና በቀበሌ ደረጃ የስብሰባ ማስታወቂያ ሆኖ ሊያርፍ ይችላል። ከዝቋላ ወይም ከአበርገሌ ቆላ ተነሥቶ ወደ ሰቆጣ የሚመጣ ተሳታፊ በመንገድ የሚያጠፋው ጊዜ ከሥልጠናው ቢበልጥ አያስደንቅም። ቴክኖሎጂ እውነተኛ ጥቅም ሊሰጥ የሚችለው እዚህ ላይ ነው፦ በላይኛው እርከን የተነገረው ቃል ሳይሸረፍ የመጨረሻው ትምህርት ቤት እንዲደርስ ማድረግ።

ከፕላዝማ የተገኘ ትምህርት

ይህን ተስፋ ከዚህ ቀደምም ሰንቀን ነበር። በ1997 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የሁለተኛ ደረጃ የሳተላይት ቴሌቪዥን ትምህርት፣ ሁላችንም ፕላዝማ ብለን የምናውቀው፣ አንዱን መምህር ለመላ አገሪቱ ለማዳረስ የታቀደ ነበር። ስርጭቱ ለሁሉም አንድ ዓይነት ነበር፤ ይሁን እንጂ በእንግሊዝኛ የሚናገረው መምህር የተማሪውን ፊት አያይም፣ አልገባኝም ሲባልም አይቆምም ነበር። የክፍሉ መምህርም በገዛ ክፍሉ እንግዳ ሆነ የሚለው ትችት በብዙ ጥናቶች ተደጋግሟል። በዚያው ዘመን የተዘረጋው ወረዳኔት የቪዲዮ ስብሰባን እስከ ወረዳ ቢያደርስም ወረዳ የመንገዱ ፍጻሜ አይደለም፤ የቦርዱ አባል የሚኖረው ከወረዳው ባሻገር በቀበሌ ነው።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት ቴክኖሎጂ አይጠቅምም የሚል አይደለም። የሚናገር ግን የማያደምጥ ቴክኖሎጂ የእርከኑን ችግር ፈትቶ ሌላ ችግር ይተክላል። ስለዚህ አንድ የሥልጠና መሣሪያ ሲመረጥ ሦስት ጥያቄዎች ሊመለሱ ይገባል። ሰሚው ሊያቆመውና ሊደግመው ይችላልን? በቋንቋው ይናገራልን? ጥያቄው ወደ አዘጋጁ የሚመለስበት መንገድ አለን?

ግብርናው ያሳየው መንገድ

የቦርዱ አባል የሆነው አርሶ አደር ለቴክኖሎጂ አዲስ አይደለም። በ2006 ዓ.ም. የግብርና ትራንስፎርሜሽን ኤጀንሲ ከአጋሮቹ ጋር የጀመረው የ8028 የስልክ አገልግሎት አርሶ አደሮች ያለ ክፍያ እየደወሉ ስለ አዘራር፣ ስለ ማዳበሪያና ስለ ተባይ የተቀረጸ ማብራሪያ እንዲሰሙ አስችሏል። አገልግሎቱ ማንበብን አይጠይቅም፤ ተራ ስልክና ጆሮ ይበቁታል። ዲጂታል ግሪን የተባለው ድርጅትም ከግብርና ሚኒስቴር ጋር በመሆን የአካባቢው አርሶ አደሮች ራሳቸው የሚታዩባቸው አጫጭር ቪዲዮዎች በባትሪ በሚሠራ ትንሽ ፕሮጀክተር ለገበሬ ቡድኖች እንዲታዩ አድርጓል። የልማት ሠራተኛው ቪዲዮውን እያቆመ ያወያያል፤ የተሰበሰቡትም ይጠይቃሉ፣ ይከራከራሉ።

እንግዲህ አንድ ሰው ስለ ማሳው በስልክ ሊማር ከቻለ ስለ ልጁ ትምህርት ቤት በዚያው ስልክ የማይማርበት ምክንያት ምንድን ነው? መልሱ ከቴክኒክ ይልቅ ከአመለካከት የሚመነጭ ይመስለኛል። ግብርናው አርሶ አደሩን እንደ ተጠቃሚና እንደ ወሳኝ ቆጥሮ ቀርቦታል። ትምህርቱ ግን የቦርድ አባሉን በአብዛኛው መዋጮ እንደሚያሰባስብ ረዳት ያየዋል።

ለመምህራን ደግሞ ከባንግላዴሽ የሚወሰድ ምሳሌ አለ። በብሪታንያ መንግሥት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2008 የተጀመረው የእንግሊዝኛ ትምህርት ፕሮጀክት የሥልጠና ቪዲዮዎችንና የክፍል ውስጥ የድምፅ ቅጂዎችን በሚሞሪ ካርድ ጭኖ ርካሽ በሆኑ ስልኮች ለገጠር መምህራን አድሏል። መምህራኑ ኢንተርኔት ሳያስፈልጋቸው ቪዲዮውን ይመለከታሉ፣ በክፍላቸው ይሞክሩታል፣ ከሥራ ባልደረባቸው ጋርም ይወያዩበታል። መሣሪያው ተራ ነበር፤ አደረጃጀቱ ግን በሚገባ የታሰበበት ነበር።

ለዋግ ኽምራ የሚስማማው

ያለ ኢንተርኔት መሥራት ለዋግ ኽምራ የቅንጦት ምርጫ አይደለም። የተከዜ ኃይል ማመንጫ በ2002 ዓ.ም. ሲመረቅ 300 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ነበረው፤ የግድቡ ሐይቅ የዋግ ኽምራን ቆላ ወረዳዎች ይነካል። ይሁንና ከሐይቁ በላይ ባሉት ቀበሌዎች መብራት ያልገባላቸው ትምህርት ቤቶች ብዙ ናቸው። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያና በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሰቆጣን ባዳረሰ ጊዜ ኤሌክትሪክና ስልክ ተቋርጠዋል፣ ትምህርት ቤቶችም ተጎድተዋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. በኋላም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ቆይቷል። መስመር ሲቋረጥ አብሮ የሚቆም ሥልጠና ለዚህ ምድር አይሆንም። በፀሐይ ኃይል የሚሞላ ድምፅ ማጉያና ሚሞሪ ካርድ ግን በአንድ አህያ ጭነት ብዙ ቀበሌዎችን ያዳርሳሉ።

ቋንቋው ሁለተኛው ጉዳይ ነው። ኽምጣና በአካባቢው አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለትምህርት እየዋለ ነው፤ የክልሉ መገናኛ ብዙኃንም በቋንቋው ያሰራጫል። ሰቆጣ የመምህራን ትምህርት ኮሌጅ አላት። እነዚህ ተቋማት ቢቀናጁ ለቦርድ አባላት ከዐሥር እስከ ዐሥራ አምስት ደቂቃ የሚወስዱ የድምፅ ዝግጅቶችን በኽምጣናና በአማርኛ ማዘጋጀት አይሳናቸውም። እያንዳንዱ ዝግጅት አንድ ውሳኔን ብቻ ቢይዝ ይመረጣል፦ የበጀት ሰነድ ሲቀርብ ምን ይጠየቃል፣ የሴት ልጆች ማቋረጥ ሲበዛ ቦርዱ ምን ማድረግ ይችላል፣ የምገባ እህል እንዴት ይቆጠራል። ዝግጅቱ በመደበኛው ስብሰባ መክፈቻ ይደመጣል፣ ከዚያ ውይይት ይደረጋል፣ ያልተመለሰው ጥያቄ በስልክ ድምፅ ተቀርጾ በሱፐርቫይዘሩ እጅ ወደ ሰቆጣ ይመለሳል። የሚቀጥለው ዝግጅት የሚጀምረውም ለዚያ ጥያቄ መልስ በመስጠት ነው። ፕላዝማ ያጣው ጆሮ ይህ ነው።

ለመምህራን መሠረቱ አስቀድሞ ተጥሏል። የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ማእቀፍ እያንዳንዱ መምህር በዓመት 60 ሰዓት ሙያውን እንዲያሻሽል ይጠይቃል። በተግባር ግን ሰዓቱ ፖርትፎሊዮ በመሙላት ይባክናል የሚለው ቅሬታ ከመምህራንም ከተመራማሪዎችም ይሰማል። በየጉድኝት ማእከሉ አንድ ስልክና አንድ ካርድ ቢኖር ከአራትና ከአምስት ትምህርት ቤቶች የሚሰበሰቡ መምህራን የራሳቸውን ትምህርት ቀርጸው በጋራ ሊመለከቱት ይችላሉ። በአንድ ደጋ ትምህርት ቤት ብዙ ተማሪ ባለበት ክፍል ንባብ የተሳካለት መምህር ለጎረቤቱ ከማንኛውም የውጭ ባለሙያ የቀረበ አስተማሪ ነው፤ ክፍሉም፣ ጥቁር ሰሌዳውም፣ የመጽሐፍ እጥረቱም አንድ ናቸውና።

ሊነሡ የሚችሉ ተቃውሞዎች

የመጀመሪያው ተቃውሞ በግልጽ ብዙም አይነገርም፤ እርሱም የውሎ አበል ነው። በአካል የሚሰጥ ሥልጠና ለመምህሩም፣ ለቦርድ አባሉም፣ ለባለሙያውም ጥቂት ገቢ ያስገኛል። በካርድ የሚደርስ ሥልጠና ያንን ያስቀራል። ይህን እንደ ስግብግብነት ማየት ተገቢ አይደለም፤ የገጠር መምህር ደመወዝ ከኑሮ ውድነቱ ጋር ሲነጻጸር ጥያቄው ፍትሐዊ ነው። ስለዚህ ከመጓጓዣና ከአበል የሚተርፈው ገንዘብ በከፊል ለተሳታፊዎች በአየር ሰዓትና በስብሰባ ቀን ወጪ መልክ ቢመለስ፣ በጉድኝት የተሠራው ሥራም ለመምህሩ የደረጃ እድገት ቢቆጠር ተቃውሞው መልስ ያገኛል። ይህ ካልታሰበበት ካርዱ በሱፐርቫይዘሩ መሳቢያ ውስጥ ይቀራል።

ሁለተኛው ተቃውሞ የተቀረጸ ድምፅ የአሠልጣኝን ቦታ አይተካም የሚል ነው። ትክክል ነው። ድምፁ የሚተካው በየእርከኑ የሚሸረፈውን ገለጻ ብቻ ነው። ማወያየት፣ ማግባባትና መከታተል የሱፐርቫይዘሩ ሥራ ሆነው ይቀጥላሉ፤ እንዲያውም ገለጻ ከትከሻው ሲወርድለት ለእነዚህ ጊዜ ያገኛል።

ሦስተኛውና ከባዱ ተቃውሞ ችግሩ የዕውቀት ሳይሆን የሥልጣን ነው የሚለው ነው። የቦርዱ አባል መብቱን ቢያውቅም ርእሰ መምህሩን ወይም የወረዳውን ባለሙያ ለመጠየቅ ሊያመነታ ይችላል። ይህን ቴክኖሎጂ ብቻውን አይፈታውም። ሆኖም በኽምጣና የተነገረ፣ ሁሉም በአንድ ስብሰባ የሰማው ቃል አንድ ነገርን ይለውጣል፦ አባሉ ሲጠይቅ በግሉ እንደ ደፈረ አይቆጠርም፤ ሁሉም የሰማውን መመሪያ ጠቅሶ ይናገራል።

ለተመራማሪዎች የሚቀረው ሥራ

ስለዚህ ጉዳይ የሚደረጉ ጥናቶች የታደሉ መሣሪያዎችን ወይም የሠለጠኑ ሰዎችን ቁጥር መለኪያ ከማድረግ ቢቆጠቡ ይበጃል። የሚለካው ውሳኔ ነው። ከዝግጅቶቹ በኋላ በቦርድ ቃለ ጉባኤዎች ውስጥ ከወላጆች የመነጨ አጀንዳ ጨመረን? በጀቱ ከመጽደቁ በፊት ጥያቄ ተነሣበትን? መምህሩ በጉድኝቱ ያየውን በክፍሉ ሞከረን? በኽምጣና የሰሙና በአማርኛ ብቻ የሰሙ ቦርዶች ልዩነት አሳዩን? እነዚህ ጥያቄዎች በአንድ የሁለተኛ ዲግሪ ጥናት ዐቅም የሚመለሱ ናቸው፤ ጥቂት ጉድኝቶች፣ ቃለ ጉባኤዎችና ታጋሽ አድማጭ ይበቃሉ።

የሰቆጣ ስም በሐምሌ 2007 ዓ.ም. ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን መቀንጨር በ2030 እ.ኤ.አ. ለማስቆም በተገባው ቃል ኪዳን ምክንያት በመላ አገሪቱ ይታወቃል። ከመቀንጨር የተረፈው ልጅ የሚገባው ትምህርት ቤት የሚመራው በእነዚሁ ወላጆች ነው። ወላጆቹ የሚፈርሙበትን ውሳኔ በገዛ ቋንቋቸው ሰምተው፣ ተከራክረው እንዲፈርሙ ለማድረግ ደግሞ ተራ ስልክ፣ ሚሞሪ ካርድና የሚያደምጥ ተቋም በቂ መነሻ ናቸው።