ቤቱ ሲታደስ ዶሮዋ ወዴት ትሂድ?

ቤትን ማደስ የሚያስመሰግን ሥራ ነው። መኸሩ ተሰብስቦ አውድማው ከተጠረገ በኋላ፣ ይልቁንም የጥር ሠርግ ሲቃረብ፣ በስማዳም ሆነ በጋይንት፣ በእስቴም ቢሆን አንዱ ግድግዳውን ሲያስመርግ፣ ሌላው ሣሩን አውርዶ ቤቱን ቆርቆሮ ሲያለብስ፣ ሦስተኛው በርና መስኮቱን ቀለም ሲያስቀባ ማየት የተለመደ ነው። ይህም የመሻሻል ምልክት ስለ ሆነ ሁላችንንም ደስ ያሰኘናል። ዳሩ ግን በዚህ ሁሉ ሥራ መካከል የማትታሰብ አንዲት የቤት ነዋሪ አለች፤ እርስዋም ዶሮ ናት። ዕቃው ይወጣል፤ እህሉ ይሸፈናል፤ መደቡ ይጠረጋል። ዶሮዋ ግን ሲመሽ እንደ ወትሮዋ ወደ ቆጧ ትወጣለች፤ በሩም ይዘጋባታል። ይህ ልማድ መቅረት አለበት ብዬ አምናለሁ።

ምናልባት «የሚጻፍ ነገር ጠፍቶ ነውን ስለ ዶሮ የሚጻፈው?» የሚል አይጠፋም። እንዲህ የሚል ሰው ግን በእጁ የያዘው ደብተር በምን እንደ ተገዛ ራሱን ይጠይቅ። በአገራችን የላሙና የበሬው ገንዘብ የአባት ሲሆን፣ የእንቁላሉና የዶሮው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ የእናት ነው። እናቶቻችን ጨውንና ሳሙናን፣ እስክሪብቶንና ደብተርን የሚገዙት ቅዳሜ ገበያ ወስደው በሚሸጡት እንቁላል ነው። በ2015 ዓ.ም. የሌማት ትሩፋት የተባለው መርሐ ግብር ከተጀመረ ወዲህ ደግሞ የተሻሻለ ዝርያ ያላቸው ዶሮዎች በየቤቱ እንዲረቡ ምክር እየተሰጠ ነው። ስለዚህ አምስት ዶሮ በአንድ ሌሊት ያጣች እናት የቀላል ነገር ባለቤት አልነበረችም።

የአባቶቻችን ቤት ግድግዳው በጭቃና በጭድ ይመረግ፣ በእበትና በአፈር ይለቀለቅ ነበር። ክዳኑም ሣር ስለ ሆነ ጭሱ ቀስ እያለ በሣሩ መካከል ይወጣ ነበር። ዶሮዋ ቆጥ ላይ ማደሯ ያን ጊዜ ይህን ያህል አላስፈራም። ዛሬ ግን ቆርቆሮው ጭስ አያሳልፍም፤ ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ ይመታል፤ የመስኮቱ ቀዳዳ ሁሉ ይደፈናል። በእበቱ ፈንታ የዘይት ቀለም፣ ቫርኒሽና ቲነር መጥተዋል። ቤቱ ተለውጧል፤ የዶሮዋ ማደሪያ ግን አልተለወጠም። ጉዳቱ የሚመጣው ከአዲሱ ነገር ብቻ አይደለም፤ ከአሮጌው ልማድ ብቻም አይደለም፤ ሁለቱ ሳይተዋወቁ በአንድ ጣራ ሥር በመገናኘታቸው ነው።

ወፍ ሁሉ፣ ዶሮም ጭምር፣ ከሰው ይልቅ በመጥፎ አየር ቶሎ ይጎዳል። ምክንያቱም የአተነፋፈሱ ሥርዓት ከእኛ የተለየ ነው። እኛ አየሩን ወደ ሳንባችን አስገብተን በዚያው መንገድ እንመልሰዋለን። በወፍ ገላ ውስጥ ግን የአየር ከረጢቶች ስላሉ፣ ወደ ውስጥ ሲተነፍስም ሆነ ወደ ውጭ ሲተነፍስ አየሩ በሳንባው ውስጥ በአንድ አቅጣጫ ያልፋል። ይህ ለመብረር የሚያስፈልገውን ብርታት ይሰጠዋል፤ ነገር ግን አየሩ የተመረዘ ሲሆን መርዙንም እንዲሁ አብልጦና አፍጥኖ ያስገባበታል።

ይህን የእንግሊዝ አገር የድንጋይ ከሰል ቆፋሪዎች አሳምረው ያውቁት ነበር። በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ጆን ስኮት ሃልዴን የሚባለው ሊቅ ካናሪ የምትባለውን ትንሽ ወፍ ወደ ጉድጓዱ ይዘው እንዲገቡ መከራቸው። ወፏ ስትንገዳገድ ሲያዩ ሰዎቹ ፈጥነው ይወጡ ነበር። ይህም አሠራር እስከ 1986 እ.ኤ.አ. ቆይቷል። ከዚያ በኋላ የኤሌክትሪክ መሣሪያ ተተካ።

ቆፋሪዎቹን ያስፈራቸው የነበረው አየር ካርቦን ሞኖክሳይድ ነው። ይኸው መርዝ በእኛም ቤት አለ። አንዳንድ ሰው አዲሱ ምርጊት ቶሎ እንዲደርቅለት ከሰል አቀጣጥሎ ቤቱን ዘግቶ ያድራል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም መልክም የለውም። በደም ውስጥ አየር የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ በበረታ ኀይል ይይዘዋል። ከፍሙ ጋር ሞቆ ወደ ላይ ሲወጣም መጀመሪያ የሚያገኘው ቆጡን ነው። ከዚህ ሌላ የቀለሙና የቲነሩ ትነት፣ ምስጥ እንዳይበላው ምሰሶው የሚቀባው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሽታ፣ የብየዳው ጭስ፣ ቤት ሲታደስ ለቁንጫና ለትኋን የሚረጨው መድኃኒት ሁሉ ለዶሮ ጠንቅ ነው። አሮጌ ቀለም ሲፋቅም ዶሮ መሬት የወደቀውን ሁሉ ስለምትለቅም፣ እርሳስ ያለበት ፍቅፋቂ ወደ ሆዷ ከገባ በኋላ ወደ እንቁላሏም ይተላለፋል። መንግሥታችን በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከአንድ ሚሊዮን እጅ 90 እጅ እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ከዚያ በፊት የተቀባ በርና መስኮት ግን እስካሁን በየቤቱ አለ።

ዶሮ በሞተች ቁጥር «ፈንግል ነው» ብሎ ማለፍ ልማዳችን ሆኗል። ፈንግል በውነቱ ብርቱ በሽታ ነው፤ ክትባቱንም ማስከተብ ይገባል። ነገር ግን ፈንግል ከቤት ወደ ቤት፣ ከመንደር ወደ መንደር ይዛመታል። የጎረቤት ዶሮዎች ሁሉ ደኅና ሆነው ሳለ፣ ትናንት ቀለም በተቀባው ወይም ከሰል ባደረበት ቤት ውስጥ ያሉት ብቻ ጧት ከቆጡ ሥር ወድቀው ቢገኙ፣ አስቀድሞ አየሩን መጠርጠር ይገባል። ለሁሉ ነገር አንድ ስም ብቻ ከሰጠን፣ ልናስቀረው የምንችለውን ጥፋት እንኳ እንደ መቅሠፍት ቆጥረን እንተወዋለን።

«ታዲያ በውጭ ትደር? ሸለምጥማጥ ይብላት?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። ይህ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። በእኛ ደጋ የሌሊቱ ብርድ ቀላል አይደለም፤ ሌባውም፣ አውሬውም አለ። መልሱ ግን ከባድ አይመስለኝም። ሥራው ከመጀመሩ በፊት ከመሬት ከፍ ያለች፣ በእንጨትና በሽቦ ወንፊት የተሠራች ትንሽ የዶሮ ቤት ከግድግዳው ውጭ ማቆም ይቻላል፤ የነፋሱ ወገን በሣር ይከለላል። ይህ ካልተቻለ ዶሮዎቹን በቅርጫት አድርጎ ከዘመድ ቤት ማሳደር ነው፤ በሽታ እንዳይተላለፍ ግን ከዚያ ቤት ዶሮዎች ጋር አይቀላቀሉ። የሚመለሱትም የቀለሙ ሽታ ፈጽሞ ከጠፋና ቤቱ በርና መስኮቱ ተከፍቶ ለብዙ ቀን ከተናፈሰ በኋላ ይሁን። ከሰሉም ውጭ ተቀጣጥሎ ውጭ ይቅር። ዶሮ አፏን ከፍታ ስታለከልክ፣ ክንፏን ስትጥል፣ ከቆጥ ስትንሸራተት የታየች እንደ ሆነ ሳይዘገይ ወደ ንጹሕ አየር ትውጣ።

በውጭ አገር በቀቀንና ካናሪ ለደስታ የሚያሳድጉ ሰዎች ቤታቸው ሲቀባ ወፎቻቸውን ወደ ሌላ ቤት እንዲወስዱ የእንስሳት ሐኪሞች ይመክሯቸዋል። እነርሱ ለጌጥ ለያዙት ወፍ ይህን ያህል ከተጠነቀቁ፣ እኛ ደብተር ለምትገዛልን ዶሮ እንዴት አንጠነቀቅም?

ነገሩም በዶሮ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በዚያው ቤት፣ በዚያው ሌሊት፣ ሕፃን በእናቱ ጎን ተኝቷል፤ አያትም በመደቡ ላይ ተጋድመዋል። ዶሮዋን የገደለ አየር ለእነርሱም አይራራም። ለዶሮዋ በሩን የሚከፍት ሰው ለሕፃኑም ከፈተ ማለት ነው። የላይ ጋይንቷ ከተማ ስሟ ነፋስ መውጫ ነው፤ እያንዳንዱ አዲስ ቤትም የራሱ ነፋስ መውጫ እንዲኖረው ያስፈልጋል።

እንግዲህ የተወደዳችሁ ጓደኞቼ፣ በባዮሎጂ ትምህርት ስለ ሳንባና ስለ ደም የተማርነው በፈተና ወረቀት ላይ ብቻ እንዲቀር አይደለም። ወላጆቻችን ቤት ለማደስ ሲነሡ ዕቃ ለማውጣት እንደምንረዳቸው ሁሉ የዶሮዎቹን ማደሪያ ለመሥራትም ቀድመን እንነሣ። መምህራኖቻችንም ይህን በክበባትና በወላጆች ስብሰባ ላይ ቢያስረዱልን ጥቅሙ ለሁሉም ይሆናል። ወላጆቻችንም ለቀለምና ለቆርቆሮ ከሚያወጡት ገንዘብ ላይ ለጥቂት እንጨትና ሽቦ ቢያስቡ አይጎዱም። አበው «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ነውና።