መስቀሉ ለጌጥ ሲሆን፦ አኒሜ፣ ጃፓንና ክርስትና

«አኒሜ የሰይጣን ሥራ ነው» የሚል ስብከት በየጊዜው እዚሁ ቴሌግራም ላይ ይዘዋወራል። ማስረጃው ሁሌም አንድ ዓይነት ነው፤ ቀንድ ያለው ገጸ ባሕርይ፣ ክንፉ የጠቆረ መልአክ፣ ደም የነካው መስቀል። ምስሉ ከፊልሙ ተቆርጦ ይወጣል፣ ቀይ ቀስት ይደረግበታል፣ «ልጆቻችሁን አድኑ» የሚል ጽሑፍ ይታከልበታል። ተሰባኪው ደግሞ የ15 ዓመት ልጅ ነው። ያ ልጅ፣ ሰባኪው ከሚያወግዘው ታሪክ አንድ ክፍል እንኳ እንዳላየ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያውቅበታል። ከዚያ በኋላ ስለ ጾም ቢናገር፣ ስለ ጸሎት ቢናገር፣ ልጁ ጆሮ አይሰጠውም። እኔን የሚያሳስበኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ ጉዳዩን ከቀንዱ ሳይሆን ከታሪኩ እንጀምር። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ክርስትና ጃፓን የገባው በ1549 ነው። ኢየሱሳዊው ሚስዮናዊ ፍራንሲስ ዣቪየር ካጎሺማ ሲደርስ ከባዱ ችግሩ ቋንቋ ነበር። እግዚአብሔርን በጃፓንኛ ምን ብሎ ይጥራው? በአስተርጓሚው ምክር «ዳይኒቺ» አለ። ሰዉም ደስ ብሎት ሰማው፤ ለካስ ዳይኒቺ ቡድሂስቶቹ ድሮም የሚያውቁት የቡድሃ ስም ነው! ዣቪየር ነገሩ ሲገባው ቃሉን ጥሎ «ዴዉስ» የሚለውን የላቲን ቃል እንዳለ መጠቀም ጀመረ። ይህችን ነገር ያዙልኝ፣ ኋላ እመለስባታለሁ።

እምነቱ ተስፋፋ፤ መስፋፋቱም ገዢዎቹን አስፈራ። በ1597 ናጋሳኪ ውስጥ 26 ክርስቲያኖች ተሰቀሉ። በ1614 ክርስትና በአገሪቱ በሙሉ ታገደ። ቀጥሎ «ፉሚኤ» የሚባል ፈተና መጣ። የክርስቶስ ወይም የማርያም ምስል መሬት ላይ ይቀመጣል፣ ሰዉ በየተራ እየመጣ እንዲረግጠው ይታዘዛል፤ አልረግጥም ያለ መከራውን ያያል። በ1637 ሺማባራ ላይ ገበሬዎች አመፁ፤ አብዛኞቹ ክርስቲያኖች ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት ተጨፈጨፉ።

እዚህ ጋ የእኛን ታሪክ ያስታወሰ ሰው አልተሳሳተም። ዐፄ ሱስንዮስ ዙፋኑን ለልጃቸው የለቀቁት በ1632 ነው፤ ዐፄ ፋሲለደስም ብዙ ሳይቆዩ ኢየሱሳውያኑን አባረሩ። ያው ማኅበር፣ ያው አሥር ዓመት፣ ሁለት የተራራቁ አገሮች። ልዩነቱ ግን ሰፊ ነው። እኛ ካቶሊኮቹን ስናስወጣ ከእነሱ በፊት የነበረ የራሳችን ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ነበር። ጃፓን ሚስዮናውያኑን ስታስወጣ ግን ክርስትናው ራሱ ከሰው ዓይን ጠፋ። ከ200 ዓመት በላይ ያለ ካህን የኖሩ፣ የማርያምን ምስል ካኖን የምትባል የቡድሂስት ምስል አስመስለው የሸሸጉ፣ ልጆቻቸውን በድብቅ ሲያጠምቁ የቆዩ ቤተሰቦች በ1865 ናጋሳኪ ውስጥ ለአንድ ፈረንሳዊ ቄስ ራሳቸውን ገለጡ። እገዳው የተነሣው በ1873 ነው። በ1945 ደግሞ ሁለተኛው አቶም ቦምብ በዚያችው ናጋሳኪ፣ ያውም ኡራካሚ በሚባለው የክርስቲያኖቹ ሰፈር ላይ ፈነዳ። ዛሬ ክርስቲያኑ ከጃፓን ሕዝብ 1 በመቶ ገደማ ነው።

አኒሜ ያደገው በዚህ አገር ነው። የመጀመሪያዎቹ አጫጭር የካርቱን ፊልሞች በ1917 ለሕዝብ ታዩ፤ የቴሌቪዥኑ ዘመን በኦሳሙ ቴዙካ «አስትሮ ቦይ» ጥር 1 ቀን 1963 ተከፈተ። የሚስሉት ሰዎች አብዛኞቹ ቅዳሴ አይተው አያውቁም። መስቀልን የሚያውቁት ከውጭ ፊልም፣ ከሙዚየም፣ ወይም ቤተ ክርስቲያን መስለው ከተሠሩ የሆቴል የሠርግ አዳራሾች ነው።

ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። እዚሁ አዲስ አበባ በአንዳንድ ስፓዎችና ማሳጅ ቤቶች እንግዳ መቀበያ ላይ የተቀመጠውን የቡድሃ ሐውልት አስቡት። ያስቀመጠው ሰው ቡድሂስት አይደለም፤ ቡድሂዝምን ለማዋረድም አላሰበም። ለቤቱ የጸጥታ ስሜት እንዲሰጥለት ነው። አንድ የታይላንድ መነኩሴ ገብቶ ቢያየው ምን እንደሚሰማው አንድም ቀን አስቦበት አያውቅም።

በ1995 የወጣው «ኒዮን ጀነሲስ ኢቫንጌሊዮን» በትክክል ይሄ ነው። የሂዴያኪ አኖ ሥራ ነው። ሰውን የሚያጠቁት ግዙፍ ፍጡራን «መላእክት» ይባላሉ። አዳም አለ፣ ሊሊት አለች፣ የሎንጊኖስ ጦር አለ፣ ፍንዳታው ሳይቀር በመስቀል ቅርጽ ወደ ሰማይ ይወጣል። በዩቲዩብ «ምስጢሩ ሲገለጥ» የሚሉ ቪዲዮዎች ስንት ተሠሩበት! ረዳት ዳይሬክተሩ ካዙያ ጹሩማኪ ግን በኋላ ሲጠየቅ ነገሩን ቀለል አድርጎ ነው የመለሰው። የግዙፍ ሮቦት ፊልም በጃፓን ብዙ ስለሆነ የእነሱ እንዲለይ ፈልገው ነው፤ ክርስትና በአገራቸው ብዙም የማይታወቅ እምነት በመሆኑ ምስሎቹ ምስጢራዊ ይመስላሉ ብለው ነው። የክርስትና ትርጉም አላሰቡበትም።

እንግዲህ ሴራ ፈላጊው ባዶ እጁን ቀረ። እኔ ግን እንደ ክርስቲያን ይህን መልስ ስሰማ እፎይ አላልኩም። አያቶቻቸው ረግጠው እንዲያልፉት የታዘዙትን ምስል የልጅ ልጆቻቸው ለጌጥ ሳሉት። የረገጠው ሰው ቢያንስ ምን እንደረገጠ ያውቅ ነበር።

ነገሩ በዚህ ቢያልቅ ጽሑፌን እዚህ ላይ እዘጋው ነበር። ነገር ግን ሰባኪዎቻችን ጨርሶ የማያነሡት ሌላ መስመር አለ። በ1970ዎቹ በጃፓን ቴሌቪዥን እሑድ ማታ ቤተሰብ ሁሉ ተሰብስቦ የሚያየው ተከታታይ የልጆች አኒሜ ነበር። ስፖንሰሩ ካልፒስ የሚባለው የለስላሳ መጠጥ ኩባንያ ነው፤ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ደግሞ ክርስቲያን ነበር። «ሃይዲ» በ1974 የወጣው በዚህ ሰዓት ነው። በጆሃና ስፒሪ መጽሐፍ ውስጥ የነበረው ጸሎትና የአያቷ ንስሓ በአኒሜው በጣም ሳስቷል፣ ይህን መደበቅ አያስፈልግም። በቀጣዩ ዓመት የመጣው «የፍላንደርሱ ውሻ» ግን ሌላ ነው።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ኔሎ የሚባል ድሃ ልጅ ከአያቱና ፓትራሽ ከሚባል ውሻው ጋር አንትወርፕ አጠገብ ይኖራል። ወተት በጋሪ እያመላለሱ ነው የሚተዳደሩት። ሠዓሊ መሆን ይፈልጋል። በከተማዋ ካቴድራል ውስጥ የታላቁ ሠዓሊ የሩበንስ ሁለት ሥዕሎች አሉ፤ ነገር ግን ተጋርደዋል፣ ለማየት ገንዘብ ይከፈላል፣ ኔሎ ደግሞ የለውም። አያቱ ይሞታል፣ ባላደረገው ቃጠሎ ይጠረጠራል፣ ከቤት ይወጣል። በገና ዋዜማ ሌሊት በበረዶ ውስጥ ካቴድራሉ ይደርሳል። በሩ ክፍት ነው፤ መጋረጃውም ተገልጧል። ሥዕሎቹን ያያቸዋል፣ ደስ ይለዋል፣ ውሻውን አቅፎ እዚያው ወለሉ ላይ ይሞታል። በአኒሜው መላእክት ወርደው ልጁንና ውሻውን ወደ ሰማይ ይወስዷቸዋል።

ሥዕሎቹ ምንድን ናቸው? አንዱ ክርስቶስ በመስቀል ላይ ከፍ ሲደረግ፣ ሌላው ከመስቀል ሲወርድ ነው። 52 ክፍል ሙሉ አንድ ልጅ የተሰቀለውን ክርስቶስ ለማየት ይናፍቃል፣ ገንዘብ የለህም ተብሎ ይመለሳል! ይህ መስቀል ጌጥ ነው የሚለኝ ሰው ካለ ልስማው። መጽሐፉን የጻፈችው ዊዳ የምትባል እንግሊዛዊት ናት፤ የቤልጅየም ሰዎች ራሳቸው ለረጅም ጊዜ ብዙም አላወቁትም። ጃፓናውያን ጎብኚዎች ግን ዛሬም አንትወርፕ ሄደው ካቴድራሉን ይጠይቃሉ። ከደጁ ፊት ለፊት የድንጋዩን ንጣፍ እንደ ብርድ ልብስ ለብሰው የተኙ የልጅና የውሻ ሐውልት ቆሟል።

በቀጥታ መጽሐፍ ቅዱስን የተረኩም አሉ። በ1981 ታትሱኖኮ የተባለው ስቱዲዮ ከአሜሪካው የክርስቲያን ቴሌቪዥን ሲቢኤን ጋር «ሱፐርቡክ»ን ሠራ፤ ሁለት ልጆችና አንድ ሮቦት በአሮጌ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ገብተው ወደ ጥንቱ ዘመን ይሄዳሉ። ቴዙካም በ1989 ከመሞቱ በፊት ከጣሊያኑ ራይ ጣቢያ ጋር የብሉይ ኪዳን ታሪኮችን በአኒሜ ጀምሮ ነበር፤ ከሞቱ በኋላ ኦሳሙ ዴዛኪ ጨረሰው። ለትምህርት ጥሩ ናቸው። ከኔሎ ጋር ሲተያዩ ግን፣ ለእኔ፣ ይደርቁብኛል።

አሁን ወደ ዣቪየር ልመለስ። «ዴዝ ኖት» ውስጥ ላይት የሚባለው ተማሪ በመጀመሪያው ክፍል መጨረሻ «የአዲሱ ዓለም አምላክ እሆናለሁ» ይላል፤ ደብተሩን የጣለውም «የሞት አምላክ» ተብሎ ይተረጎማል። በጃፓንኛው ቃሉ «ካሚ» ነው። ካሚ ፈጣሪ ማለት አይደለም፤ የወንዝ፣ የዛፍ፣ የቀድሞ አባት መንፈስ ሊሆን ይችላል። በሚያዛኪ «ስፒሪትድ አዌይ» ገላውን ሊታጠብ የመጣውና ከሆዱ ብስክሌትና ቆሻሻ የተጎተተለት የወንዝ መንፈስ የዚህ ወገን ነው። ዣቪየርን ያሰናከለው የትርጉም ችግር 470 ዓመት አልፎት ዛሬ በስልካችን ስክሪን ግርጌ ተጽፎ ይነበባል። ይህን ለልጅ ማስረዳት አኒሜውን ከስልኩ አጥፋ ከማለት ይሻላል፤ ፈጣሪ በሌለበት፣ ሁሉም ነገር መንፈስ ባለበት ዓለም የተጻፈ ታሪክ መሆኑን አውቆ ያያልና።

የላይት ታሪክ ደግሞ፣ ብዙዎችን ቢያስቆጣም፣ ለዘፍጥረት ምዕራፍ 3 እጅግ ቅርብ ነው። ጎበዝ፣ ጨዋ፣ ወንጀልን የሚጠላ ልጅ ነው። የገደላቸው የመጀመሪያዎቹ ሰዎች «ይገባቸዋል» የሚባሉ ናቸው። ፈራጅነትን ለራሱ የወሰደ ልጅ መጨረሻው ምን እንደሆነ ፊልሙ በ37 ክፍል ያሳያል። (ላላያችሁ ይቅርታ፣ አያምርም።)

መወገዝ ያለበት የለም እያልኩ አይደለም። ሴት ሕፃናትን ለዓይን ምኞት የሚስል አኒሜ ሞልቷል፤ ይሄ በስሙ ተጠርቶ ሊወገዝ ይገባል። የሚገርመው ግን የቀይ ቀስቱ ቪዲዮዎች ይህን ሲያነሡ አላየሁም፤ ቀንድ ቆጠራ ላይ ናቸው።

የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን ከሆናችሁ፣ ወይም እቤት ውስጥ አኒሜ የሚያይ ታዳጊ ካላችሁ፣ አንድ ነገር ሞክሩልኝ። የዴዝ ኖትን የመጀመሪያ ክፍል አብራችሁት እዩ፤ ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ሲያልቅ ሳትሰብኩ «ላይት የተሳሳተው የቱ ላይ ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። የመለሰላችሁን እዚህ ታች አስተያየት ላይ ጻፉልኝ።