አሠሪ በሌለበት ጉድጓድ ተቆጣጣሪው ማንን ይጠይቃል?

ንፋስ መውጫ፦ በላይ ጋይንት፣ በታች ጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ወረዳዎች አዝመራው ተሰብስቦ ውቂያው ሲያበቃ በርካታ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ከቀያቸው ይወጣሉ። የእርሻ መሬት ለአባት እንጂ ለልጅ አልበቃም። ስለዚህም አንዱ ወደ ከተማ ግንባታ፣ ሌላው ወደ ድንጋይ ካባና አሸዋ ማውጫ፣ ሌላውም ወደ ማዕድን ቁፋሮ ያመራል። ድንጋይ ካባው፣ አሸዋ ማውጫውና የማዕድን ጉድጓዱ በስም ቢለያዩም አደጋቸው ይመሳሰላል፤ ከሥሩ የተቦረቦረ አፈርና ድንጋይ በሰው ላይ ይናዳል።

ለዚህ ማሳያው ሩቅ አይደለም። ከንፋስ መውጫ ወደ ወልድያ የሚወስደው መንገድ ጋሸና ሲደርስ በስተደቡብ ወደ ደላንታ ይገነጠላል። በደቡብ ወሎ ዞን የሚገኘው የደላንታ ወረዳ ከ2000 ዓ.ም. ወዲህ በኦፓል ማዕድኑ በዓለም ገበያ ታውቋል። በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወር ግን ወረዳው በሌላ ዜና ተነሣ፤ ወደ 20 የሚጠጉ ሰዎች ኦፓል በመቆፈር ላይ ሳሉ ዋሻው ተደርምሶባቸው መውጫ አጡ። እነርሱን ለማውጣት የተደረገው ጥረትም በአብዛኛው በእጅ መሣሪያና በሰው ጉልበት ላይ የተመሠረተ ነበር።

እንዲህ ያለው አደጋ የዕድል ጉዳይ ብቻ አይደለም። የደላንታ ኦፓል የሚገኘው ከእሳተ ገሞራ በተፈጠረ፣ ውፍረቱ ከአንድ ሜትር በማይበልጥ ስስ የድንጋይ ንብርብር ውስጥ ነው። ንብርብሩ በገደሉ ጎን ስለሚታይ ቆፋሪው እርሱን ተከትሎ ወደ ውስጥ እየቦረቦረ ይገባል። ዋሻው በረዘመ ቁጥር ከላይ ያለው ክብደት የሚያርፍበት ነገር ያንሳል፤ የእንጨት ድጋፍ ከሌለና ውኃ ከሰረገ ጣሪያው መውረዱ አይቀርም። በአሸዋና በድንጋይ ማውጫም ነገሩ ያው ነው፤ ከሥር መቦርቦር ከላይ ከመግፈፍ ይልቅ ድካሙ ያነሰ ስለሚመስል ሰው ራሱ በቆፈረው ገደል ሥር ይቆማል።

ሕጉ ስለ ሠራተኛ ደኅንነት ዝም አላለም። የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 42 ሠራተኞች ጤናማና አደጋ የማያደርስ የሥራ አካባቢ የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኞቹን ደኅንነትና ጤንነት እንዲጠብቅ ያስገድዳል። የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪውም በሥራ ሰዓት ያለ ቅድሚያ ማስታወቂያ ወደ ሥራ ቦታ ገብቶ የመመርመር፣ ሠራተኞችን የመጠየቅና ለሕይወት የሚያሰጋ ነገር ሲያገኝ አሠሪው ባስቸኳይ እንዲያስተካክል የማዘዝ ሥልጣን አለው። ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ወጣት ሠራተኞች በማዕድን ጉድጓድና በድንጋይ ካባ ከመሬት በታች እንዳይሠሩም አዋጁ ይከለክላል።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። ይህ አዋጅ የሚሠራው የቅጥር ግንኙነት ባለበት ነው፤ ትእዛዙን የሚቀበለውም፣ የሚቀጣውም፣ ካሣ የሚከፍለውም አሠሪው ነው። የማዕድን ሥራዎች አዋጅ ቁጥር 678/2002 ደግሞ ባህላዊ የማዕድን ሥራን የሚመለከተው በአብዛኛው በእጅ የሚሠራ፣ በግለሰቦች ወይም በቡድን የሚካሄድ ሥራ አድርጎ ነው። በጋራ ቆፍረው ያገኙትን የሚካፈሉ አምስት ወጣቶች አሠሪ የላቸውም። ተቆጣጣሪው ከዋሻው አፍ ቢደርስ እንኳ የሚያዝዘው ሰው አያገኝም፤ ዋሻው ሲደረመስም የሟች ቤተሰብ ካሣ የሚጠይቀው ወገን የለውም።

ክፍተቱን የሚያሰፋ ሌላም ነገር አለ። ይኸው የማዕድን አዋጅ ለሌሎች የማምረት ፈቃዶች የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ እንዲቀርብ ሲያስገድድ፣ የባህላዊ ማዕድን ማምረት ፈቃድ ጠያቂን ከዚህ ግዴታ ነፃ ያደርጋል። ሐሳቡ ድኻውን በወረቀትና በወጪ ላለማስጨነቅ ነው። ውጤቱ ግን ቁፋሮ ከመጀመሩ አስቀድሞ ባለሙያ ቦታውን የሚያይበት አንዱ አጋጣሚ እንዲቀር ማድረጉ ነው።

ስለዚህ ለባህላዊ ቁፋሮ የሚስማማው ቁጥጥር አሠሪን ሳይሆን ፈቃድን የሚከተል ነው። የባህላዊ ማዕድን ፈቃድ የሚሰጠው ክልሉ ነው። ፈቃድ የሚሰጥ አካል የትኛው ገደል መቆፈር እንደሌለበት፣ ዋሻው እስከ ምን ርቀት እንደሚገባ፣ ድጋፉ ምን ዓይነት እንደሚሆን፣ በዝናብ ወራት ሥራ መቼ እንደሚቆም በፈቃዱ ላይ ማስፈር ይችላል። ይህ ሲሆን ተቆጣጣሪው የሚጠይቀው ያገኛል፤ ፈቃድ የወሰደው ቡድን ኃላፊ ነው፤ ሳያይ የፈቀደው ጽሕፈት ቤትም እንዲሁ። ለቆፋሪዎቹ ስንቅና ገንዘብ አስቀድሞ እየሰጠ ምርቱን በራሱ ዋጋ የሚወስድ ነጋዴ ካለም፣ ይህ ሰው በእርግጥ ገዥ ነው ወይስ አሠሪ የሚለው ጥያቄ በተቆጣጣሪው መዝገብ ሊሰፍር ይገባል።

የሌሎች አገሮች ታሪክም የሚያሳየው ቁጥጥር ዋጋ የሚኖረው ተቆጣጣሪው ጉድጓዱን በዓይኑ ሲያይ መሆኑን ነው። በብሪታንያ እ.ኤ.አ. በ1842 የወጣው ሕግ ተቆጣጣሪ ቢያሾምም ዋና ጉዳዩ ሴቶችና ሕፃናት ከመሬት በታች እንዳይሠሩ መከልከል ነበር፤ ከመሬት በታች ገብተው የድንጋይ ከሰል ጉድጓዶችን ደኅንነት የሚመረምሩ ባለሙያዎች የመጡት በ1850 በወጣው ሕግ ነው። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1995 ያጸደቀው የማዕድን ደኅንነት ስምምነት ቁጥር 176 ደግሞ ሥልጣን ያለው አካል ለደኅንነት ሲባል ሥራን እንዲያስቆም፣ ሞት ያስከተሉ አደጋዎች እንዲመረመሩ፣ ሠራተኛውም አደጋ ሲያይ ቦታውን ለቆ የመውጣት መብት እንዲኖረው ይጠይቃል።

ወደ ጋይንት ስንመለስ ጥያቄው ማን ያያል የሚለው ነው። ገበሬው በቀበሌው ስለ ሰብል፣ ስለ እንስሳትና ስለ ተፈጥሮ ሀብት የሚያማክሩት የልማት ሠራተኞች አሉት፤ እናቶች የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አላቸው። አሸዋ የሚያወጣውና ድንጋይ የሚፈልጠው ወጣት ግን በቀበሌ ደረጃ የእኔ የሚለው ባለሙያ የለውም። በክልሉ ያለው የጸጥታ ችግርም የባለሙያዎችን እንቅስቃሴ አጥብቧል። ለእያንዳንዱ ጉድጓድ ተቆጣጣሪ መቅጠር አይቻል ይሆናል፤ ተዳፋት መሬትን ማየት የለመደው የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ግን ከሥር የተቦረቦረ ገደል ሲያይ ለወረዳው የማሳወቅ ግዴታ ቢሰጠው የመጀመሪያው ዓይን መሆን ይችላል።

ቁጥጥር ሲባል የእንጀራ መዝጊያ አድርገው የሚፈሩ አሉ፤ ስጋታቸውም መሠረት አለው። ሌላ ሥራ ሳይቀርብለት ጉድጓዱ የተዘጋበት ወጣት በሌሊት ተመልሶ ይቆፍራል፤ የሌሊት ቁፋሮ ደግሞ ከቀኑ ይብሳል። ስለዚህ የተቆጣጣሪው ሥራ በማገድ ብቻ ሊያበቃ አይገባም። ገደሉ ከላይ ወደ ታች በእርከን እንዲቆረጥ ማሳየት፣ አዲስ ስንጥቅ፣ የሚንጠባጠብ ውኃና የሚረግፍ ጠጠር የናዳ ምልክት መሆናቸውን ማስተማር፣ አንድ ሰው ሁልጊዜ ከውጭ እንዲጠብቅ ማስለመድ የሥራው ክፍል ነው።

የከተማው ነዋሪም ከዚህ ውጭ አይደለም። ቤት የሚያሠራ ሰው አሸዋውና ድንጋዩ ፈቃድ ካለው ቦታ መምጣቱን ቢጠይቅ፣ ማዘጋጃ ቤቱም በግንባታ ውሉ ይህንኑ ቢያስገባ፣ ተቆጣጣሪ ያልደረሰበትን ጉድጓድ ገበያው ይደርስበታል። አሁን ባለው አሠራር ግን ጉድጓዱ የሚመዘገበው ሰው ከሞተበት በኋላ ነው፤ መዝገቡ ከቁፋሮው ሊቀድም ይገባል።