ሞተር ይለወጣል፣ ፍሬን ይረሳል

ሶማሌ ተራ ገብቶ ያገለገለ ሞተር የሚያፈላልግ ሰው ዛሬ ብዙ ባልንጀራ አለው። ባለ ዲኤክሱም፣ ባለ ላንድ ክሩዘሩም፣ ባለ ሚኒባሱም የሚጠይቀው አንድ ነው፤ «ሞተሩ የዱባይ ነው? ዲክላራሲዮን አለው?» ስለ ፍሬን የሚጠይቅ ደንበኛ ከመጣ አብዛኛውን ጊዜ ሸራ ሊለውጥ ነው። ከታምቡር ፍሬን ወደ ዲስክ ለማዞር ገንዘቡን ቆጥሮ የሚመጣ እምብዛም አይታይም።

ገንዘቡ ወደ ሞተር የሚጎርፈው ያለ ምክንያት አይደለም። በኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ ተሽከርካሪ ላይ የተጣለው ታክስ ያገለገለ መኪና ማስመጣትን ከብዙ ሰው አቅም በላይ አደረገው። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ ኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መንግሥት አስታወቀ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የመለዋወጫ ዋጋም ተከትሎ ወጣ። በመሆኑም አገር ውስጥ ያለው አሮጌ መኪና እንደ ቤት ሁሉ ጥሪት ሆኗል። ጥሪቱን የሚያድስ ሰው ደግሞ ሒሳብ አዋቂ እንጂ ሞኝ አይባልም።

ለምሳሌ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 የተሠራውን ባለ 40 ተከታታይ ላንድ ክሩዘር እንውሰድ። 2ኤፍ የሚባለው ባለ ስድስት ሲሊንደር 4.2 ሊትር የቤንዚን ሞተሩ ጠንካራ ነው፤ ነዳጅ ላይ ግን ምሕረት የለውም። የነዳጅ ድጎማው ከ2014 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ ደረጃ በደረጃ መነሣት ከጀመረ ወዲህ ይህን ሞተር አውርዶ 2ኤች ወይም 1ኤችዜድ የተባሉትን የናፍጣ ሞተሮች የሚያስገጥም ባለ ንብረት ሊወቀስ አይገባውም። ባለ ዲኤክሱም ቢሆን 1,290 ሲሲ የሆነውን 4ኬ አውጥቶ፣ 1,486 ሲሲ የሆነውንና የዚያው ቤተሰብ የሆነውን 5ኬ ሲያስገባ ሥራው ቀላል ነው፤ መኪናውም ዳገት ላይ ሰው ይሆናል።

ነገሩ ግን ወዲህ ነው። ሞተር ሲለወጥ ፍሬኑም አብሮ ይለወጣል፤ ባለቤቱ ባይነካውም።

የፍሬን ፔዳል ለእግር እንዲቀል የሚያደርገው ሰርቮ የሚሠራው በአየር ስበት ነው። የቤንዚን ሞተር ይህን ስበት በራሱ ይፈጥራል፤ ጋዙ ሲለቀቅ የአየር መግቢያው ስለሚዘጋ ሞተሩ አየር ለመሳብ ይታገላል፣ ሰርቮውም ከዚያ ይቀዳል። የናፍጣ ሞተር ግን አየር የሚዘጋበት ነገር ስለሌለው ስበቱን የሚሰጥ ራሱን የቻለ ፓምፕ ያስፈልገዋል። በብዙዎቹ የቶዮታ ናፍጣ ሞተሮች ይህ ፓምፕ ከዲናሞው ጀርባ ተገጥሞ ይገኛል። ያገለገለ ሞተር ሲገዛ ዲናሞው ለብቻው ተሸጦ ከጠበቀ፣ ወይም መካኒኩ የአሮጌውን መኪና ዲናሞ መልሶ ከገጠመ፣ ሰርቮው ሬሳ ሆኖ ይቀራል። መኪናው ይነሣል፣ ይሄዳል፣ ድምፁም ያምራል። ፔዳሉ ግን እንደ ድንጋይ ነው።

ሁለተኛውን ጉዳይ ቁልቁለት ያመጣዋል። የቤንዚን ሞተር በዝቅተኛ ማርሽ ሲወርድ መኪናውን ይዞ የሚያስቀረው ያው የአየር ትግሉ ነው። የጭስ ማውጫ ፍሬን ያልተገጠመለት የናፍጣ ሞተር በዚህ በኩል ደካማ ነው። ስለዚህ ቤንዚን በናፍጣ የለወጠ ሰው የሰርቮውን ጉዳይ ቢያስተካክል እንኳ ሞተሩ ይሸከመው የነበረውን ከፊል ሥራ ወደ ፍሬን ሸራው አሻግሯል። የናፍጣው ሞተር በክብደትም ይበልጣል፤ ፊቱ የከበደ መኪና ደግሞ ሲቆም ከፊት ፍሬኑ የበለጠ ይጠይቃል።

ከጎሃ ፅዮን አፋፍ ተነሥቶ አባይ ድልድይ ድረስ የሚወርድ መኪና ከ1 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ይለቃል። ሁለት ቶን የሚመዝን መኪና 1 ሺህ ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ሁሉ ወደ ሙቀት ቢለወጥ 60 ሊትር ያህል ቀዝቃዛ ውሃ ያፈላል። ከዚህ ውስጥ ነፋሱና ሞተሩ የተሸከሙት ሲቀነስ ቀሪው በሙሉ የሚገባው ፍሬኑ ውስጥ ነው። ታምቡር ፍሬን ሸራውን በውስጡ ዘግቶ ስለሚይዝ ሙቀቱ መውጫ ያጣል፤ ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፣ ሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉ ወደ ታች ይሄዳል። ዲስክ ግን ለነፋስ የተጋለጠ ነው፤ ውሃና ጭቃ ቢነካውም ቶሎ ይራገፋል። ሰሜን አሜሪካ ለሚሸጠው 40 ተከታታይ ላንድ ክሩዘር ቶዮታ ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1976 ሞዴል ጀምሮ ከፊት ዲስክ ያደረገለት በከንቱ አይደለም።

ፍጥነትም አለ። 60 ኪሎ ሜትር በሰዓት ይሄድ የነበረ መኪና በአዲሱ ሞተር 80 ቢሄድ ለመቆም የሚጠፋው ጉልበት የሚጨምረው በሲሶ ሳይሆን በ78 በመቶ ገደማ ነው። ይህን ሒሳብ ሞተር ሻጩ አይነግርም። እንዲነግር መጠበቅም የዋህነት ነው።

ወደ ዲስክ ማዞሩ ሲሠራም በግማሽ ይሠራል። የሚያዋጣው መንገድ ዲስክ የተገጠመለትን የዚያኑ ፋብሪካ የፊት አክሰል፣ ለምሳሌ ለ40ው ከ60 ተከታታይ ላንድ ክሩዘር የወረደውን፣ ከነ ሙሉ ዕቃው መግዛት ነው። ብዙ ጊዜ ግን የሚገዛው ዲስኩና መያዣው ብቻ ነው፤ የቀረው ቶርኖ ቤት ተቆርጦ በብየዳ ይያዛል። ፍሬን የሚሸከም ብረት በብየዳ መያዙ ብቻውን ሥራውን ለመተው በቂ ምክንያት ነበር። ከዚህም ሌላ ለታምቡር ተብሎ የተሠራው ዋናው የፍሬን ፓምፕ በቦታው ይቀራል። ይህ ፓምፕ እግር ከፔዳሉ ከተነሣ በኋላም በመስመሩ ውስጥ ጥቂት ግፊት እንዲይዝ ተደርጎ የተሠራ ሊሆን ይችላል፤ ዲስክ ላይ ሲገጠም ሸራው ሳይለቅ እየታሸ ይሄዳል፣ ይግላል፣ ነዳጅም ይበላል። የፊትና የኋላው ሚዛን ካልተስተካከለ ደግሞ በዝናብ ቀን የኋላ ጎማ ቀድሞ ይያዝና መኪናው ይዞራል። ዲስክ እንደ ታምቡር ራሱን በራሱ የማጥበቅ ጠባይ ስለሌለው ያለ ሰርቮ ከባድ ነው፤ ከላይ የተነሣው የዲናሞ ጉዳይ እዚህም ይመለሳል።

ሁሉም ሰው ዲስክ ያስፈልገዋል ማለት ግን አይደለም። ከፋብሪካው ከፊት ዲስክ ይዞ የወጣ ዲኤክስ ላይ 5ኬ የገጠመና ከከተማ የማይወጣ ሰው ሸራውን፣ የፓምፑን ጎሚኒና የፍሬን ቱቦውን አሳድሶ ዘይቱን ቢያስለውጥ ይበቃዋል። ይህ ከሞተሩ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር ጥቂት ወጪ ነው። ጥቂት ሆኖ ሳለ የሚታለፈው ገበያው ስለማይከፍልበት ነው።

ገዢ ሲመጣ ኮፈኑ ይከፈታል፣ ሞተሩ ይነሣል፣ ጭሱ ይታያል፣ ደላላው «ሞተሩ አዲስ ነው» ብሎ ዋጋውን ይጠራል። ጎማ አስወልቆ ፍሬን የሚያይ የለም። ባለቤቱም ይህን ስለሚያውቅ ብሩን የሚታይበት ቦታ ያውላል። ደላሎች የሞተር ቅያሪን እንደ ዋጋ መጨመሪያ ማቅረባቸውን ትተው የፍሬኑን ሥራ አብረው ቢጠይቁ፣ ያልተሠራውን ከዋጋው ቢቀንሱ፣ ባለ ንብረቱ በወሩ ይማራል። የመካኒክ ምክር ያልለወጠውን ዋጋ ይለውጠዋል።

ወረቀቱ የራሱ ጣጣ አለው። ሊብሬው ላይ የሻንሲው ብቻ ሳይሆን የሞተሩም ቁጥር ሰፍሯል። ቁጥሩ ሳይስተካከል የተሸጠ መኪና ቦሎ ሲደርስ ወይም ስም ሲዛወር ጥያቄ ያስነሣል፤ የሞተሩ ዲክላራሲዮን ከጠፋማ ገዢው የሌላውን ሰው ዕዳ ይዞ ይዞራል። የመድን ውል ያለውም ቢሆን መኪናው ላይ የተደረገውን ለውጥ ለመድን ድርጅቱ ካላሳወቀ የካሳ ጥያቄ ባቀረበ ዕለት ክርክር ይጠብቀዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2081 ደግሞ ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱን ተጠያቂ ያደርጋል፤ ፍሬኑን ያበላሸው የቀድሞው ባለቤት ወይም ጋራዡ ነው ማለት በተጎጂው ፊት አያስጥልም።

ገዢ የሆነ ሰው ያለ መካኒክ የሚያደርገው አንድ ፈተና አለ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ ፔዳሉን እስኪጠነክር ደጋግሞ መርገጥ፣ ከዚያ እግርን ሳያነሡ ሞተሩን ማስነሣት ነው። ሰርቮው ከሠራ ፔዳሉ ከእግር ሥር ትንሽ ዝቅ ይላል። ካልወረደ ስለ አዲሱ ሞተር የተጠራው ዋጋ ለጊዜው ይቆይና ድርድሩ ከፍሬኑ ይጀመር።