አማርኛን መጨረሻ ላይ ለምትጨምሩ የሶፍትዌር ባለሙያዎች



አሠራራችንን ሁላችንም እናውቀዋለን። ጨረታውን እናሸንፋለን፤ ዳታቤዙ ይነደፋል፤ ሲስተሙ በእንግሊዝኛ ተሠርቶ በእንግሊዝኛ ይሞከራል። ርክክቡ ሲቃረብ “በሉ አሁን አማርኛውን እንጨምርበት” ይባላል። መረጃ የሚገባበትና የሚወጣበት መንገድ ግን ቤቱ ካለቀ በኋላ የሚቀባ ቀለም አይደለም።

“ገብረእግዚአብሔር” የሚለውን ስም ውሰዱ። ዐሥር ፊደል ነው። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚይዝ ስሙ 30 ባይት ይፈልጋል። የስም ቦታውን በ20 ባይት የገደበው ባለሙያ “አበበ”ን በላቲን ፊደል ጽፎ፣ ሠራልኝ ብሎ አልፏል። ባለጉዳዩ መስኮት ላይ ሲደርስ “ገብረእግዚ” ሆኖ ይቀራል፤ ከ“አ” የተረፉት 2 ባይቶች የጥያቄ ምልክት ሆነው ይወጣሉ። መዝጋቢዋ እንደ ልማዳችን “ገ/እግዚአብሔር” ብላ ብታሳጥረውም 25 ባይት ነው፤ አሁንም አይገባም። ተወቃሿ ግን እሷ ናት።

ፍለጋውም ያው ነው። “ኃይሉ” ተብሎ የተመዘገበ ሰው “ሀይሉ” ተብሎ ሲፈለግ ሲስተሙ “አልተገኘም” ይላል። ዩኒኮድ ለሞክሼ ፊደላት የተለያየ ቁጥር መስጠቱ ተገቢ ነው፤ ማገናኘቱ የእናንተ ድርሻ ነው። ስሙን ባለቤቱ እንደጻፈው አስቀምጡ፤ ለፍለጋ ብቻ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ የሚያመጣ ሌላ ዓምድ ጨምሩ። ከባድ ሥራ አይደለም።

የትውልድ ቀኑም እንዲሁ ነው፤ ወሩን በ12 የዘጋ ፎርም ጳጉሜን 3 የተወለደውን የት ሊያስገባው ነው? (ነሐሴ ውስጥ የተመዘገቡ የጳጉሜን ልጆች እንዳሉ አልጠራጠርም።)

“ቴክኖሎጂው አይፈቅድም” የሚለው ሰበብ ጊዜው አልፎበታል። እያንዳንዱ ሶፍትዌር የየራሱን ኮድ በሚጠቀምበት ዘመን እውነትነት ነበረው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ግን በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። የደረሰኝ ፕሪንተሩ ፊደሉ ከሌለው እንኳ ጽሑፉን በምስል መልክ መላክ ይቻላል።

አሠሪዎችም የርክክብ ሰነዱን ከመፈረማችሁ በፊት መዝጋቢዋን አስቀምጧት። በምትሠራበት ኪቦርድ ረጃጅሞቹን ስሞች ታስገባ፤ ሞክሼ ፊደል ቀይራ ትፈልግ፤ በራሷ ፕሪንተር ታትም። ወረቀቱ ላይ ባዶ ሳጥን ወይም የጥያቄ ምልክት ካያችሁ አትፈርሙ።