ሰዓት መቁጠር የሚጀመረው ከቦሌ ነው ወይስ ከደብረ ኤልያስ?

«የደብረ ማርቆስ አውሮፕላን ማረፊያ ሥራ ሲጀምር አዲስ አበባ ስንት ደቂቃ ትሆናለች?» ጥያቄው ቀላል ይመስላል። መልሱ ግን መቁጠር በሚጀመርበት ቦታ ይወሰናል።

ከርቀቱ እንጀምር። ከአዲስ አበባ ደብረ ማርቆስ በመኪና 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በአየር ቀጥታ ሲለካ 190 አካባቢ ነው። መኪናው በፍቼ በኩል ዞሮ፣ ከጎሐ ጽዮን ወደ አባይ በረሃ ወርዶ፣ የደጀንን ዳገት መውጣት አለበት። ከጎሐ ጽዮን ደጀን በአየር 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን መኪና ግን ወደ 40 የሚጠጋ ይጠማዘዛል።

ለአገር ውስጥ በረራ የሚያገለግለው ኪው 400 በሰዓት 650 ኪሎ ሜትር ያህል ይበርራል። በዚህ ሒሳብ 190 ኪሎ ሜትር 20 ደቂቃ አይሞላም። ሆኖም አውሮፕላን ከመሬት ተነሥቶ ወዲያው በሙሉ ፍጥነቱ አይሄድም። መንደርደሩ፣ ከፍታ መያዙ፣ ለማረፍ ዝቅ ማለቱ ሲደመር ጊዜው እጥፍ ያህል ይሆናል። ቢሆንም ከአውቶቡሱ ቀን ጋር አይወዳደርም።

እስከዚያው የደብረ ኤልያስ ሰው መብረር ቢፈልግ ምን ያደርጋል? ደብረ ማርቆስ ይወጣል። ከዚያ ጀርባውን ለአዲስ አበባ ሰጥቶ 265 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ባሕር ዳር ይጓዛል። አንድ ሰዓት ገደማ በርሮ፣ የምሥራቅ ጎጃምን ሰማይ አቋርጦ ቦሌ ይደርሳል። ለመብረር የሚነዳው መንገድ፣ በመኪና አዲስ አበባ ከሚያደርሰው ጋር ሊተካከል ምንም አልቀረውም።

መንገድ ሲዘጋ ደግሞ ጎጃም ደሴት ይሆናል። በዙሪያው ባሕር የለም፤ መሻገሪያ ግን አይኖርም። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወደ ክልሉ ከተሞች የሚደረጉ በረራዎች ጭምር ለቀናት ሲቋረጡ፣ ሰማዩም እንደ መንገዱ ሊዘጋ እንደሚችል ታይቷል። ስለዚህ አውሮፕላን ማረፊያ ሰላምን አይተካም። ሰላም ሲኖር ነው ጥቅሙ የሚታየው።

«ማረፊያው ለሀብታም ነው፣ ገበሬው ምን ይጠቀማል?» የሚሉ አሉ። ስጋቱ ትክክል ነው፤ መደምደሚያው ግን አይደለም። ደብረ ማርቆስ ላይ «ወደ አዲስ አበባ ከፍተኛ ሕክምና ሂድ» የተባለ በሽተኛ ሀብታም ስለሆነ አይደለም የሚቸኩለው። አባይ በረሃን በአምቡላንስ መውረድና መውጣት ለእርሱ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም።

ነገር ግን በሽተኛው የተነሣው ከደብረ ኤልያስ ገጠር ቀበሌ ከሆነ፣ የበረራው 40 ደቂቃ የጉዞው ትንሹ ክፍል ነው። ክረምት ሲገባ በጭቃ በቃሬዛ የሚወጣበት ሰዓት፣ መኪና የሚጠበቅበት ሰዓት፣ ማርቆስ እስኪደርስ የሚያልፈው ሰዓት በማንም የበረራ ሰሌዳ ላይ አይጻፍም። ያንን ሰዓት የሚያሳጥረው አውሮፕላን ሳይሆን የወረዳ መንገድ ነው።

እንግዲህ የማረፊያው ስኬት ሪባን በተቆረጠበት ቀን አይለካ። ሦስት ነገሮች ይጠየቁ፦ ከወረዳዎቹ ማርቆስ የሚያደርሰው መንገድ ክረምት ከበጋ ያስኬዳል ወይ? ትኬቱ የመምህርና የነርስ ደመወዝ ይችለዋል ወይ? ለበሽተኛ የሚሆን ቦታ ታስቦበታል ወይ?

እነዚህ ካልተመለሱ ማርቆስ ለቦሌ ትቀርባለች። ደብረ ኤልያስ ግን እዚያው ሩቅ ናት።